ለቀባሪው እድር አለን፤ ጧሪው ማን ነው?

እንፍራንዝ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ማክሰኝትን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ከበላይዋ የዐፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራ ግንብ ቆሞ ቁልቁል ጣናን ያያል። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እኔ የማድርባት አክስቴ እዚያ ስለነበረች ነው።

አክስቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ ሦስት ዓመት ከምናምን አልጋ ላይ ኖራለች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት፣ ንግግሯ ተሳሰረ፤ ልቦናዋ ግን ሙሉ ነበር። የሚመጣውን የሚሄደውን ታውቃለች፣ ቡና ሲዘገይ በዓይኗ ትቆጣለች። ያስታመመቻት ሴት ልጇ ናት። ጉልት ትነግድ ነበር፤ ተወችው። በመጀመሪያው ዓመት "ለጊዜው ነው" ትል ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት እሱንም ማለት ተወች።

በየሁለት ወሩ ጎንደር ቀጠሮ ነበራት። ቀጠሮ ማለት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ንጋት ላይ አራት ጎረምሳ ይለመናል፤ በቃሬዛ አስፋልቱ ድረስ ያወጧታል። እንደ ሰው መቀመጥ ስለማትችል በሚኒባሱ የኋላ ወንበር የሦስት ሰው ሒሳብ ይከፈላል። ጎንደር ሲደረስ ባጃጅ፣ ከዚያ ካርድ፣ ከዚያ ወረፋ። በመጨረሻ አንድ የደከመው ወጣት ሐኪም ግፊቷን ለክቶ፣ ካርዱን አገላብጦ "ያው ይቀጥል" ብሎ ይጽፋል። አልፈርድበትም፤ ከበሩ ውጭ ሌላ መዓት ሰው ቆሟል። ለዚያች አንድ መስመር ግን ሙሉ ቀን ሄዷል፣ የወር አስቤዛ ሄዷል፣ የአክስቴ ገላም ደርሶ መልስ ተንገላቷል።

እዚያው ሰፈር አንዲት ነርስ አለች፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች። አክስቴ ዳሌ ላይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቀድማ ያየችው እሷ ናት። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ ቁስሉን ማጠብን፣ አንሶላው እንዳይረጥብ መጠበቅን ለልጇ ያስተማረችው እሷ ናት። ቁስሉ ዳነ። አንድ ቀን ግን አክስቴ ትራስ ተደግፋ ቀና ባለች ቁጥር እያዞራት ስታስቸግር ሲስተር ግፊቷን ለካች፤ በጣም ወርዷል። የኪኒኑ መጠን እንደበዛባት ወዲያው ገባት። "እኔ ግን ልቀንሰው አልችልም" አለች። "ስፔሻሊስት ያዘዘው ነው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመቀየር ፈቃድ የለኝም። ጎንደር ውሰዷት።" መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን ዝግ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በእኛ አካባቢ "መንገድ ዝግ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም። ልጇ በራሷ ውሳኔ ኪኒኑን ጭራሽ አቆመችው። ለማያውቅ ሰው ከመቀነስ ማቆም ይቀላል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ያኛው ይህንን አመጣ ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው ያየሁትን ነው። የምታውቀው ሴት ሥልጣን አልነበራትም፤ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ አጠገባችን አልነበረም።

አክስቴ ባረፈች በሰዓቱ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ጥሩንባ ነፊው፣ ወንበር አምጪው፣ ንፍሮ ቀቃዩ፣ ሁሉም ተራውን ያውቃል። ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ይላሉ። ቀባሪውን አደራጅተነዋል፤ ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ጧሪው ግን ዛሬም አንዲት ሴት ልጅ ናት። መዋጮ የላት፣ ተረኛ የላት፣ የምትጠይቀው ሰው የላት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚያች ልጅ አጋዥ ይገኝላት ብዬ ነው። አጋዡ ደግሞ ሩቅ ያለ አይመስለኝም።

በሌላው ዓለም "ነርስ ፕራክቲሽነር" የሚባል ሙያ አለ። ልምድ ያላት ነርስ ተጨማሪ ትምህርት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ፣ ትወስድና በተወሰነ ወሰን ውስጥ ራሷ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ ላቦራቶሪ አዝዛ፣ መድኃኒት ጽፋና ቀንሳ፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ትልካለች። ሐሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም፣ ሐኪም በማይደርስባቸው ቦታዎች ላሉ ሕፃናት ብለው ጀመሩት። ፎርድ በ2025 በ104 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ሙያው ዓለምን ሲያዳርስ አይታለች።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በአረጋውያን ማቆያዎች የሆነው ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቨርኬር የተባለ አሠራር ነበር፤ ነርስ ፕራክቲሽነሯ በማቆያው ውስጥ እየተገኘች አዛውንቱን ትከታተላለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በዚህ አሠራር የታቀፉት አረጋውያን ሆስፒታል የገቡት ካልታቀፉት በግማሽ ያህል ባነሰ ነው። ምሥጢሩ ቀላል ነው። ሳንባ ምች ሲጀምር፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲጀምር የሚያይ ዓይን በቦታው አለ፤ ያ ዓይን ያየውን የማከም ፈቃድ ደግሞ አለው። ሌላም ነገር አለ፣ ሰው ብዙ የማያነሳው። ሕመምተኛው እዚያው እንዲታከም መድኑ ለማቆያው ተጨማሪ ይከፍል ነበር። ገንዘቡ ሕመምተኛው ወዳለበት ሄደ ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

"የረጅም ጊዜ እንክብካቤ" ሲባል አንዳንዶቻችሁ የፈረንጅ አገር ማቆያ ሕንፃ ይታያችሁ ይሆናል። እኛም ጥቂት አሉን። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ የጀመሩት መቄዶንያ ከጎዳና ያነሳቸውን ሺዎች ይዟል፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ከ120 ሚሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ውስጥ ዕድሜው ከ60 ያለፈው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነው ብንል እንኳ ስድስት ሚሊዮን ሰው ነው። የእነዚህ ሁሉ ማቆያ ቤታቸው ነው። የኢትዮጵያ ትልቁ የአረጋውያን ማቆያ እንፍራንዝ ውስጥ፣ ደባርቅ ውስጥ፣ ዳባት ውስጥ በየጓዳው ያለው መደብ ነው። እንክብካቤው ወደዚያ መደብ ካልሄደ የትም አልሄደም።

ሐሳቡ የውጭ ግልባጭ ከመሰላችሁ ደግሞ የራሳችንን የጎንደርን ታሪክ ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ፣ ቆላ ድባ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያ ጋር ሆነው የደገፉት። ያኔ አገራችን ውስጥ አንድም የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። ኮሌጁ ሐኪም እስኪወለድ አልጠበቀም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አሠልጥኖ፣ በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ እንዲያቋቁሙና እንዲያስተዳድሩ ወደ አውራጃው ላካቸው። ጤና መኮንኑ ሐኪም አልነበረም፤ ግን ይመረምራል፣ ያዝዛል፣ ይወስናል። ሙያው ከነርስ ፕራክቲሽነር ጋር አንድ አይደለም። "ሐኪም በሌለበት የሚወስን የሠለጠነ ሰው ይኑር" የሚለው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ በዚህ ሐሳብ ጎንደር ኮሎራዶን በ11 ዓመት ትቀድማለች።

ከዚያ የሆነውም ትምህርት አለው። በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኮሌጁ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዛምዶ የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሲሆን የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ። ሐኪም ማፍራት ትክክል ነበር፤ ሌላውን ማቆም ግን ስህተት ነበር። ሥልጠናው እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐኪሙ በርክቶ ገጠሩን ይሞላል የሚለውን ተስፋ አንድ ጊዜ ሞክረነዋል ለማለት ነው።

ዛሬስ? ዛሬ በዚህ አገር ነርስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ታስጀምራለች፤ በዚህ ሥርዓት የስንቱ ሕይወት እንደተረፈ የኛ ትውልድ ያውቃል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ በተመላላሽ ክፍል ተቀምጣ በየቀኑ ታክማለች፤ ለዚህም ከደቡብ አፍሪካ ተወስዶ ለእኛ የተስማማ ክሊኒካዊ መመሪያ ጠረጴዛዋ ላይ አለ፤ ግፊቱም ስኳሩም ውስጡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንኖች በማስተርስ ሠልጥነው፣ ሐኪም ሳይሆኑ፣ በየወረዳው ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፣ እናት ያዋልዳሉ። እንግዲህ ሆድ ቀዶ ልጅ ማውጣት በፈቃድ ከተቻለ፣ የአንዲት አሮጊት የግፊት ኪኒን ከአንድ ወደ ግማሽ ማውረድ እንዴት ያቅተናል?

የሚያቅተን ሕመምተኛዋ ከግቢው ውጭ ስለሆነች ነው። ሥርዓታችን የተሠራው በእግሩ ለሚመጣ ሰው ነው። በሩን ካለፈች ትታከማለች፤ መምጣት ካልቻለች "የቤተሰብ ጉዳይ" ትሆናለች። ቤት ድረስ የምትሄደው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እሷ ደግሞ በ1995 ዓ.ም ፕሮግራሙ ሲጀመር የተሰጣት ለእናቶች፣ ለሕፃናት፣ ለንጽሕናና ለተላላፊ በሽታ ነው። ካቴተር ስለተገባላቸው አዛውንት፣ ስለሚረሱና ሌሊት ከቤት ስለሚወጡ አባት፣ በካንሰር ሕመም ስለሚጮሁ እናት ማንም አላዘጋጃትም።

ሕመም ካልኩ አንድ ነገር ልጨምር። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ደንቧን አሻሽላ፣ በማስታመም ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች የሚጠጣ ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች። ነርሷ ቤት ሄዳ፣ ሕመሙን ለክታ፣ ጠርሙሱን ትታ ትመጣለች። እኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ ከ20 ዓመት በላይ በነርሶች ቤት ለቤት እየሄደ በአዲስ አበባ ሲያስታምም ኖሯል፤ የሚቻል መሆኑን አሳይቷል። ሞርፊን ግን አሁንም በልዩ ማዘዣ ወረቀት የሚወጣ፣ በአብዛኛው የትልልቅ ሆስፒታሎች ዕቃ ነው። አደገኛ መድኃኒት መቆጣጠር ተገቢ ነው። እንፍራንዝ ላይ በአጥንት ካንሰር የሚያቃስት ገበሬ ግን የቁጥጥሩን ዋጋ በየሌሊቱ ይከፍላል።

ተቃውሞዎቹን አውቃለሁ፤ ይህን ሐሳብ ለሐኪም ጓደኞቼ ባነሳሁ ቁጥር እሰማቸዋለሁ።

አንዱ "ለድሃው ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና ልትሰጡት ነው" ይላል። ወንድሜ፣ ድሃው አሁን ያለው ስንተኛ ደረጃ ነው? በየሁለት ወሩ "ያው ይቀጥል" የሚባለው፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ እሱም የሚቀረው? ለአልጋ ቁራኛ አዛውንት የሚያስፈልገው ጥበብ አብዛኛው የነርስ ጥበብ ነው፤ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ቁስል ማየት፣ የስምንት ዓይነት ኪኒን ከረጢት ገልብጦ የትኛው ከየትኛው እንደሚጣላ መለየት፣ ቤተሰብ ማስተማር። ለዚህ ሐኪሙ አልሠለጠነም፣ ጊዜም የለውም።

ሌላው "ሥራ አጥ ሐኪም እያለ" ይላል። ይህ ይከብዳል፤ እውነት ነውና። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ሐኪሞች አሉ፣ ነርሶችም በብዛት አሉ። ግን ሥራ ያጡት ሕመምተኛ ጠፍቶ አይደለም፤ የቅጥር በጀት ጠፍቶ ነው። ሐኪሙም ቢቀጠር የሚመደበው ለቤት ለቤት አይደለም፣ ለዋርድና ለድንገተኛ ነው። ነርስና ሐኪም የሚሻሙበት እንጀራ አይታየኝም፤ ገና ያልተጋገረ ነው።

እኔ የምፈራው ሦስተኛውን ነው፤ ይህን የሚነግሩኝ ደግሞ ነርሶቹ ራሳቸው ናቸው። "አዲስ ስም ትሰጡንና ሥራ ትጨምሩብናላችሁ፤ ደመወዙ ያው፣ ሲሳሳት ተጠያቂው እኛ" ይላሉ። ይህን ፍርሃት ያመጣው ታሪክ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በ16 ፓኬጅ ተጀምራ በየዓመቱ አንድ ሪፖርት፣ አንድ ዘመቻ ሲጫንባት አይተናል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በደመወዝ መኖር ስላቃታቸው መሆኑን ረስተን ስለ አዲስ ማዕረግ ብናወራ ያፌዙብናል፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ ነገሩ ከደመወዝ ደረጃና ከፈቃድ ጋር አብሮ ካልመጣ ባይመጣ ይሻላል። በጎ ፈቃድማ አሁንም አለ፤ ሲስተር ከሥራ መልስ በእግሯ ስትመጣ የነበረው በምን ሆነና።

ፈቃዱ ላይ ምን ይጻፍ? ረጅም አይሁን። በሆስፒታል የተጀመረ የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የልብ ድካም መድኃኒት መጠኑን በተወሰነ ልክ ማስተካከልና ማዘዣ ማደስ። ኢንፌክሽን ማከም። ካቴተር መቀየር፣ ቁስል ማከም። ሥልጠናውን ለወሰደች፣ ሞርፊን። ማንን በስልክ እንደምታማክርና በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ የማግኘት መብት እንዳላትም ይጻፍ፤ ምክሩን የሰጠው ሐኪምም አብሮ ይፈርም፣ አብሮ ይጠየቅ። ይህ የመጨረሻው ካልገባ የቀረው ሁሉ ነርሷን ብቻዋን ገደል አፋፍ ላይ ማቆም ነው።

ገንዘቡ ላይ ልመለስ ብያችሁ ነበር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ነበረች። ዛሬ ገበሬው መዋጮውን ከፍሎ ደብተሩን ይዟል። መድኑ ግን የሚከፍለው በጤና ተቋም ለተሰጠ አገልግሎት ነው። የአክስቴ ቤተሰብ መዋጮውን በየዓመቱ ይከፍል ነበር፤ ለቃሬዛው፣ ለሚኒባሱ የሦስት ሰው ወንበር፣ ለባጃጁ ግን ማንም አልከፈለም። መድኑ ለአንድ የቤት ጉብኝት መጠነኛ ክፍያ ቢፈቅድ፣ ክፍያው ለጤና ጣቢያውና ለነርሷ ቢከፋፈል፣ ሆስፒታል አስገብቶ ከማከም እንደሚረክስ ለመገመት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። የኤቨርኬሩ ሰዎች ይህን የሠሩት ለጽድቅ ብለው አልነበረም፤ ስላዋጣቸው ነው።

መጀመሪያውም ጎንደር ይሁን እላለሁ፤ ወገንተኛ ነህ በሉኝ። ዩኒቨርሲቲው በማኅበረሰብ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች የተሐድሶ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል፣ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረው ትብብር ደግሞ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል፤ ሽባ የሆነ እጅ እንደገና ማንኪያ እንዲይዝ የሚያስተምር ሙያ ነው። ሰዎቹ አሉ። እነዚህን ቤት ለቤት በሚሄድ ቡድን ውስጥ የሚያገናኛቸው፣ ዛሬ ማን ማንን ይይ የሚለውን የምትወስን አንዲት ነርስ ነው የጠፋችው። ከጎንደር እስከ እንፍራንዝ ባለው መንገድ ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች ሁለት ሦስቱን መርጦ መሞከር ይቻላል። መንገዱ ሲዘጋም ነርሷ ከሕመምተኛዋ ጋር በዚያው ወገን ናት።

ካህናቱንም አልረሳሁም። አክስቴን ሁለት ጊዜ ጸበል ወስደናታል፤ በዚያ ሰሞን ኪኒኑ ይቋረጥ ነበር። የኤች አይ ቪ ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ተናግረው ብዙ ሰው አድነዋል። የግፊት ኪኒንም እንዲህ የሚልለት ይፈልጋል። ይህን ለንስሐ አባት ማስረዳት ከጎንደር ለሚመጣ እንግዳ ይከብደዋል፤ ቅዳሴ ላይ አብራቸው ለምትቆም ነርስ አይከብዳትም።

ከአርባው በኋላ የእድሩን ሰብሳቢ አነጋገርኳቸው። ጋሼ፣ ከመዋጮው ጥቂቱ ለታመመ ቢውል ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። "ልጄ፣ የኛ ደንብ የሚጀምረው ከሞት ነው" አሉኝ፤ እንደ ማፈርም አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ እንዲቀርብላቸው ጠየቁኝ። ደብዳቤውን የጻፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። የጠየቀችው የነርስ ደመወዝ አይደለም፤ ያን ማን ይሰጣታል። በሰፈሩ አልጋ ላይ የዋሉ ሰባት ሰዎችን ቆጥራ ስማቸውን ጽፋለች፤ ሲስተር በሳምንት አንድ ቀን እንድታያቸው የባጃጅ ይሰጣት ብላለች። ጉባኤው የሚቀጥለው ወር እሑድ ነው።